በአፊሌ ኮረብታ ላይ የቆመው የግራዚያኒ መታሰቢያ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «ሮም ከተማ ውስጥ አንዲት አዛውንት በመንከባከብ ሥራ እተዳደራለሁ። የአሠሪዬ ቤተ ዘመዶች ከሮም በስተምሥራቅ ባሉት ተራራማ መንደሮች ይኖራሉ። ባለፈው ፋሲካ እነርሱን ለመጠየቅ ስንሄድ አፊሌ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ አለፍንና የማርሻል ግራዚያኒ መታሰቢያ እዚያ እንዳለ፣ ልክ ስለ አንድ ፏፏቴ ወይም ቤተ መንግሥት እንደሚነገረው፣ በኩራትም በኀፍረትም ባልሆነ ድምፅ ነገሩኝ። እኔ የካቲት 12ን በትምህርት ቤት ሳከብር ያደግሁ ነኝ። ይህ ሰው በእርግጥ መታሰቢያ ቆሞለታል? ለፈጸመውስ ግፍ ፍርድ ቤት አልቀረበም? የአገሩስ ሕግ እንዲህ ያለውን ነገር አይከለክልም? አባቶቻችን ‹የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም› የሚሉት እውነት መሆኑን ያን ዕለት አየሁት።» — አንባቢያችሁ፣ ከሮም

መልስ፦ መታሰቢያው አለ፤ ዛሬም ቆሟል። አፊሌ ከሮም በግምት 70 ኪሎ ሜትር ርቃ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች፣ ነዋሪዎቿ 1,500 ያህል የሆኑ፣ ቼዛኔዜ በሚባለው ቀይ የወይን ጠጇ በአካባቢው የምትታወቅ ከተማ ናት። መታሰቢያው የተሠራው ራዲሞንቴ በተባለው መናፈሻ ውስጥ ሲሆን የተመረቀውም ነሐሴ 5 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም፤ ሮዶልፎ ግራዚያኒ የተወለደው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1882 በመሆኑ የምረቃው ቀን 130ኛ የልደት ቀኑ ነበር። ሕንፃው ከድንጋይ የተሠራ፣ ጌጥ ያልበዛበት፣ ሣጥን መሰል ነገር ሲሆን ግንባሩ ላይ «አገር» እና «ክብር» የሚሉ ሁለት የጣሊያንኛ ቃላት ተቀርጸውበታል። ኢትዮጵያ የሚል ቃል የለበትም፤ ሊቢያ የሚልም የለበትም።

የግንባታው ወጪ 127 ሺህ ዩሮ ያህል ሲሆን የተገኘውም አፊሌን ከምታስተዳድረው ከላትዚዮ ክልል የሕዝብ ገንዘብ ነው። ሰሚውን ሁሉ ያስቆጣው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር፤ አንድ ቤተሰብ በራሱ ገንዘብ መቃብር ቢያሳምር አንድ ነገር ነው፣ የመንግሥት በጀት ተመድቦለት የከተማው ከንቲባ መርቆ ሲከፍተው ግን ነገሩ የግል ኀዘን መሆኑ ይቀራል። የክልሉ አስተዳደር በተለወጠ ጊዜ አዲሱ ፕሬዚዳንት ኒኮላ ዚንጋሬቲ እ.ኤ.አ. በ2013 የገንዘቡን ድጋፍ አገዱ። በዚያው ዓመት መጋቢት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መታሰቢያውን ለመቃወም የወጡ ወጣቶችና የፖለቲካ ፓርቲ አባላት በፖሊስ ተይዘው ታስረው እንደነበር ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ነው። የግራዚያኒን ሐውልት በመቃወም በገዛ አገር መታሰር ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ለማስረዳት ይህ ዓምድ አይበቃም። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም በኢጣሊያ ኤምባሲዎች ደጃፍ ተሰልፈዋል።

«ለምን አፊሌ?» ለሚለው ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰውየው የተወለደው በዚያው አካባቢ ባለችው በፊሌቲኖ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሞት የተቀበረው በአፊሌ ነው። ለአካባቢው ሰዎች ከመንደር ተነሥቶ ማርሻል የሆነ፣ ስሙ በጋዜጣ የወጣ የአገር ልጅ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ዝና የሚያከብር ሰው ልጁ በሩቅ አገር ምን እንደሠራ ብዙም አይመረምርም፤ ጦርነቱ የተደረገው ባሕር ማዶ በመሆኑ ሬሳውን ያየ፣ የተቃጠለውን ጎጆ ጭስ ያሸተተ የአፊሌ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ጠያቂያችን የጠቀሱት ምሳሌ እዚህ ላይ በሙሉ አይሠራም ብዬ እፈራለሁ። አፊሌ የወጋውን አልረሳችም፤ እንዲያውም ሐውልት ሠርታለታለች። የተረሳው የተወጋው ነው።

ግራዚያኒ የሠራውን በአጭሩ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ በተለይም በእኛም ዘንድ አንዳንዱ ነገር ተደባልቆ ስለሚነገር። ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት በሊቢያ የኪሬናይካን ሕዝብ በብዙ ሺህ እየነዳ በበረሃ ካምፖች ያጎረ፣ የአርበኞቹን መሪ ኦማር ሙክታርን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1931 በሕዝብ ፊት ያሰቀለ አዛዥ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ከሶማሊያ በኩል በኦጋዴን ግንባር ዘመተ፤ አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ባዶሊዮን ተክቶ የሙሶሊኒ እንደራሴ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት ሲሰጥ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በወረወሩት ቦምብ ቆሰለና ሆስፒታል ገባ። በከተማው ላይ ለሦስት ቀናት የወረደውን እልቂት በቅድሚያ የለቀቀው የፋሺስት ፓርቲው ኃላፊ ጊዶ ኮርቴዜ ነበር። የሟቾቹን ቁጥር የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ 30 ሺህ ብሎ አቅርቧል፤ በቅርብ ዓመታት የተደረገ ጥናት ደግሞ ወደ 19 ሺህ ይገምተዋል። ይህን ልዩነት የምጠቅሰው የግራዚያኒን ዕዳ ለማቅለል አይደለም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት የተፈጸመው ግድያ በስሙ፣ በፊርማውና በቴሌግራሙ የተመዘገበ ነውና የእርሱን ድርሻ ለማሳየት ግምት አያስፈልግም።

ከእነዚህ ትእዛዞች ከባዱ የደብረ ሊባኖስ ነው። ግራዚያኒ ገዳሙ ከቦምብ ወርዋሪዎቹ ጋር ተባባሪ ነው ብሎ በመወሰን፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም. ለጄኔራል ማሌቲ ምክትል አበምኔቱን ጨምሮ መነኮሳቱ ሁሉ ያለ ልዩነት እንዲገደሉ በቴሌግራም አዘዘ። ጊዜው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የፍልሰተ አጽም በዓል የሚከበርበት፣ ከየአገሩ የመጣ ምእመን ገዳሙን የሚሞላበት ነበር። ግንቦት 13 ቀን ሰዎቹ በጭነት መኪና እየተጫኑ ላጋ ወልዴ ወደሚባለው ሸለቆ ተወስደው በመትረየስ ተረሸኑ። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም ያስተላለፈው የዚያ ዕለት ቁጥር 297 መነኮሳት ይላል፤ ከቀናት በኋላ ዲያቆናቱም እንዲገደሉ አድርጓል። የኋላ ተመራማሪዎች በስፍራው ምስክሮችን ጠይቀው የደረሱበት ግምት ግን ከ1,000 ሰው በእጅጉ ያልፋል።

አፊሌ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ የምትታወቅበት ሌላ ነገር እንዳለ ሳስበው ሁልጊዜ ይከነክነኛል። የምዕራቡ ዓለም መነኮሳት አባት የሚባለው ቅዱስ ቤኔዲክቶስ ከሮም ትምህርቱን ጥሎ ሲወጣ መጀመሪያ ያረፈው በዚህች ከተማ ነው። ሞግዚቱ ተውሳ የሰበረችውን ወንፊት በጸሎቱ ጠገነላት፤ የመጀመሪያ ተአምሩም ይኸው ነው ብለው ሊቀ ጳጳሱ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ጽፈዋል። ከዚያ ተነሥቶ ነው ወደ ጎረቤት ወደ ሱቢያኮ ዋሻ የገባው። የምንኩስናን መጀመሪያ የምታከብር ከተማ የመነኮሳትን እልቂት ያዘዘውን ሰው በአንድ ኮረብታ ላይ አብራ ታከብራለች። የአፊሌ ካህናት ይህን ለምእመናኑ ቢነግሩ ከማናቸውም የተቃውሞ ሰልፍ ይበልጥ ይሰማል የሚል እምነት አለኝ።

ወደ ፍርዱ ልምጣ። ግራዚያኒ ፍርድ ቤት ቀርቧል፤ ነገር ግን በኢትዮጵያ ጉዳይ አይደለም። ሙሶሊኒ ከወደቀ በኋላ በሰሜን ኢጣሊያ ጀርመኖች ያቆሙለት የሳሎ መንግሥት የመከላከያ ሚኒስትር ስለነበር፣ ከጦርነቱ በኋላ ከጀርመን ጋር በመተባበር ተከሶ እ.ኤ.አ. በ1950 የወታደር ፍርድ ቤት 19 ዓመት ፈረደበት። በዚያው ዓመት ተፈታ። ከዚያም የቀድሞ ፋሺስቶች የሰበሰቡት ፓርቲ የክብር ፕሬዚዳንት አደረገው።

ኢትዮጵያ ዝም አላለችም። እ.ኤ.አ. በ1947 በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል 45ኛ አንቀጽ ኢጣሊያ በጦር ወንጀል የሚፈለጉትን አሳልፋ እንድትሰጥ ያስገድድ ነበር። መንግሥታችን አሥር ስሞችን ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቀረበ፤ ኮሚሽኑም እ.ኤ.አ. በ1948 ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ የክሱን ዝርዝር ተቀበለ። ሆኖም የኢትዮጵያ ጦርነት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተደረገ ነው በሚል ሰበብ ብሪታንያ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንቅፋት ስትሆን ቆይታ ነበር፤ የቀዝቃዛው ጦርነት ሲጀምርም ኢጣሊያን ማስከፋት የሚሻ ኃያል መንግሥት ጠፋ። ኢትዮጵያ በውሉ መሠረት የ25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሣ ተወሰነላት፤ የቆቃ ግድብም የተሠራው በዚሁ ነው። ከአሥሩ ተከሳሾች ግን አንድም ለኢትዮጵያ አልተሰጠም። የአፊሌ ሕንፃ ሊሠራ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው ባይ ነኝ፤ በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ «ደብረ ሊባኖስ» የሚል የጥፋተኝነት ውሳኔ ቢኖር ኖሮ የትኛውም ከንቲባ ከስሙ ሥር «ክብር» ብሎ ለመጻፍ ይከብደው ነበር።

ሕጉን በተመለከተ፣ ፋሺዝምን ማወደስ በኢጣሊያ ወንጀል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣውና በሚኒስትሩ ስም «የሼልባ ሕግ» የሚባለው ይህን ይደነግጋል። በዚሁ ሕግ የኢጣሊያ የፓርቲዛኖች፣ ማለትም ፋሺስቶችንና ጀርመኖችን የተዋጉ አርበኞች፣ ማኅበርም የተሳተፈበት ክስ ቀርቦ የቲቮሊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ከንቲባውን በ8 ወር፣ ሁለት የአስተዳደሩን አባላት በ6 ወር እስራት ጥፋተኛ ብሏል። ነገሩ ከዚያ በኋላም በይግባኝና በሰበር ቀጥሏል። ክሱ ግን በሰዎች ላይ እንጂ በድንጋዩ ላይ አልነበረምና ሕንፃው ከቦታው አልተነቃነቀም። ይፍረስ የሚሉ አሉ። እኔ በበኩሌ ከመፍረሱ ይልቅ በበሩ ላይ የላጋ ወልዴ ቁጥርና ቀን በጣሊያንኛ ተጽፎ ቢለጠፍበት እመርጣለሁ፤ ቢፈርስ የአፊሌ ልጅ ግራዚያኒን ተበዳይ አድርጎ ያድጋል፣ ቢጻፍበት ግን ማን እንደነበር ያነባል።

ጥያቄ፦ «የታሪክ መምህር ነኝ። በኢጣሊያ በእኛ ላይ ለተደረገው ጦርነት መታሰቢያ የሆኑ ሌሎች ሐውልቶች አሉን? የፈረሱስ አሉ?» — ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ በርካታ ናቸው። በሮም ዋናው ባቡር ጣቢያ አካባቢ የቆመው የዶጋሊ ሐውልት በ1879 ዓ.ም. በራስ አሉላ ጦር ለተደመሰሱት 500 ያህል የኢጣሊያ ወታደሮች የተሠራ ነው። ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የተተከለው እዚያ ነበር፤ ዘርዓይ ደረስም በ1930 ዓ.ም. ሰይፉን የመዘዘው በዚሁ ስፍራ ነው። አንበሳው በኋላ ተመልሶልናል። በሲሲሊ፣ በሲራኩዛ የባሕር ዳርቻ የሚታየው በአፍሪካ ለሞቱ ኢጣሊያውያን የተሠራው ትልቅ መታሰቢያ ደግሞ መጀመሪያ የታሰበው ለአዲስ አበባ ነበር፤ ግዛቱ ቀድሞ ስለፈረሰ እዚያው ቀረ።

ለትምህርት የሚጠቅመው ግን በሰሜን፣ በአልፕስ ተራሮች ሥር ባለችው በብሩኒኮ ከተማ ያለው ይመስለኛል። በ1938 እ.ኤ.አ. የቆመው «ፑስቴሪያ» ለተባለው የአልፒኒ፣ ማለትም የተራራ ወታደሮች፣ ክፍለ ጦር መታሰቢያ ነው፤ ይህ ክፍለ ጦር መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የክብር ዘበኛን ጥቃት ከተቋቋሙት አንዱ ነው። ሐውልቱ የአንድ የተራራ ወታደር ምስል ነበር። አካባቢው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከኦስትሪያ ተቆርጦ ለኢጣሊያ የተሰጠ፣ ሕዝቡም በብዛት ጀርመንኛ ተናጋሪ በመሆኑ፣ ድንጋዩ የተተከለው እነርሱን ለማዋረድ እንደሆነ ቆጠሩት፤ ከአንድ ጊዜ በላይም በፈንጂ አፈረሱት። አሁን የሚታየው ከዚያ የተረፈው ክፍል ብቻ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ሐውልቱን ያቆመውም ያፈነዳውም የሚጣላው ስለዚያው ሸለቆ መሆኑ ነው። ማይጨው ላይ የወደቀው ሰው በሁለቱም ወገን ክርክር ውስጥ አልተጠራም።

ከዚህ የተለየ ነገር ለተማሪዎችዎ ማሳየት ከፈለጉ ስድስት ኪሎ ይውሰዷቸው። አደባባዩ ላይ ያለውን፣ ዩጎዝላቮቹ አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የሠሩትንና እ.ኤ.አ. በ1955 የተመረቀውን የሰማዕታት ሐውልት ሁሉም ያውቀዋል። ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ማለትም ቦምቡ ወደተወረወረበት ወደ ቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ገብተው ከኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ፊት ለፊት ሲቆሙ ግን ወደ የትም የማያደርስ፣ እየተጠማዘዘ የሚወጣ የሲሚንቶ ደረጃ ያገኛሉ። ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገዙበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ ብለው ያቆሙት ነው። ከነጻነት በኋላ አልፈረሰም፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበትና ተማሪው በየቀኑ በአጠገቡ ያልፋል። ለአፊሌ ከላይ የሰጠሁት አስተያየት የመጣውም ከዚህ ደረጃ ነው።

ጥያቄ፦ «ለኢትዮጵያዊ መታሰቢያ ያለው የኢጣሊያ ትንሽ ከተማስ የለም?» — ከቦሎኛ

መልስ፦ አለ። እ.ኤ.አ. በ1940 ፋሺስቶች የቅኝ ግዛቶቻቸውን «ሀብት» ለማሳየት በናፖሊ ባዘጋጁት ትልቅ ትርኢት ላይ ለእይታ የቀረቡ ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያንና ሶማሌዎች ነበሩ። ኢጣሊያ ወደ ዓለም ጦርነቱ ስትገባ ትርኢቱ ተዘጋ፤ ሰዎቹ ግን መመለሻ አጥተው ቀሩ፤ በኋላም ወደ ማርኬ ክልል ተወስደው በትሬያ አጠገብ ቪላ ስፓዳ በሚባል ግቢ በጥበቃ ሥር እንዲኖሩ ተደረገ። በመስከረም 1943 እ.ኤ.አ. ኢጣሊያ እጅ ስትሰጥና ጀርመኖች አገሩን ሲይዙ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ አምልጠው በሞንቴ ሳን ቪቺኖ ተራራ ይዋጋ ከነበረው ከማሪዮ ዴፓንገር የፓርቲዛን ጦር ጋር ተቀላቀሉ። በኢጣሊያ መዝገብ ካርሎ አባማጋል ተብሎ የሚጠራው ኢትዮጵያዊ በኅዳር ወር 1943 እ.ኤ.አ. በውጊያ ላይ ወድቋል። የተቀበረው በሳን ሰቬሪኖ ማርኬ ነው። ከቦሎኛ በባቡር ወደ አንኮና መስመር ወርደው ወደ ማቼራታ አቅጣጫ ቢያመሩ ይደርሱበታል፤ መቃብሩ ያለውም በከተማው የሕዝብ መካነ መቃብር ውስጥ ስለሆነ ዘበኛውን «ፓርቲጃኖ አባማጋል» ብለው ይጠይቁ።